ያልተሳለውን መለካት፦ በኔጋቲቭ ስፔስ የሚታወቅ ሠዓሊን ለሚያጠና የዲዛይን ተማሪ ዝርዝር መመሪያ

"አንድ ኢሉስትሬተር መርጣችሁ አጥኑ" የሚል ሥራ ሲሰጥ አብዛኛው ተማሪ ይዞ የሚመጣው የሕይወት ታሪክ ነው። የት ተወለደ፣ የት ተማረ፣ ለማን ሠራ፣ ከዚያ ስድስት ሰባት ሥዕል ተለጥፎ ያበቃል። በኔጋቲቭ ስፔስ (ሳይሳል የተተወ ቦታ ራሱ ቅርጽ ሆኖ በሚነበብበት ዘዴ) ለሚታወቅ ሠዓሊ ግን ይህ አካሄድ አያዋጣም። የእሱ ጥበብ ያለው ሳይስል በተወው ቦታ ላይ ስለሆነ፣ ጥናቱም መጀመር ያለበት ከዚያው ነው፤ ያልተሳለው ስንት ነው፣ የት የት ነው፣ ተመልካቹስ በምን ፍንጭ ይሞላዋል?

ከዚህ በታች ያለው አሠራር ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ያለ ተማሪ በቀላሉ በሚያገኘው ዕቃ የሚሠራ ነው። ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር 10 ሉህ ትሬሲንግ ፔፐር (ሥሩን የሚያሳይ ስስ ወረቀት)፣ ለስላሳ እርሳስ፣ ጥቁርና ቀይ ቀጭን እስክሪብቶ፣ ከተር፣ 30 ሴንቲ ሜትር ማስመሪያ፣ ስኮች እና ሁለት ዓይነት ቀለም ያለው ጠንካራ ወረቀት ግዙ። አንድ ሜትር ተኩል ያህል የስፌት ክርም ያዙ፤ እሱን እንኳን ኮምቦልቻ ላይ ማንም አይቸገርበትም። መጨረሻ ላይ ከሚመጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር በቀር እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ዓይነቱን ለዩ

ኔጋቲቭ ስፔስ ተብለው በአንድ ስም የሚጠሩት አሠራሮች ቢያንስ ሦስት ናቸው፤ ሳይለዩ ማጥናት ውጤቱን ያበላሻል።

አንደኛው ጠርዝ ማጥፋት ነው። የሰውየው ልብስ ከጀርባው ጋር አንድ ቀለም ይሆንና ልብሱ የት እንደሚያልቅ የሚያሳይ መስመር አይኖርም፤ ቅርጹን የሚጨርሰው የተመልካቹ ዓይን ነው። አሜሪካዊው ኮልስ ፊሊፕስ (1880–1927) የሚታወቀው በዚህ ነው። ሁለተኛው ድርብ ምስል ነው፤ በነገሮች መካከል የቀረው ክፍተት ራሱ ሌላ ነገር ሆኖ ይነበባል። የዴንማርኩ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤድጋር ሩቢን በ1915 ባሳተመው ጥናቱ የታወቀው ሥዕል፣ አንዴ ዋንጫ አንዴ ደግሞ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ሰዎች መስሎ የሚታየው፣ የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። በ1973 እስራኤል ውስጥ ተወልዶ ለንደን ሲሠራ የቆየው ኖማ ባርም እዚህ ይመደባል። ሦስተኛው ደግሞ ግጥምጥሞሽ ነው፤ ቅርጹና ክፍተቱ እኩል ክብደት ኖሯቸው አንዱ የሌላው ጀርባ ይሆናል። የሆላንዱ ሞሪትስ ኤሸር በ1938 በእንጨት ቀርጾ ባተመው የሰማይና የውሃ ሥዕል፣ ከታች በዓሣዎች መካከል የነበረው ክፍተት ወደ ላይ ሲወጣ ወፍ ይሆናል። ጃፓናዊው ሺጌኦ ፉኩዳ በ1975 ለኬይዮ የገበያ አዳራሽ በሠራው ፖስተር ላይ ደግሞ የወንድና የሴት እግሮች ጥቁርና ነጭ ሆነው እርስ በርስ ተሰካክተዋል።

አንድ ትንሽ ሥዕል መሃል ላይ ተቀምጦ ዙሪያው ነጭ ወረቀት ስለሆነ ብቻ ከሦስቱ አንዱ ውስጥ አይገባም። ያ ሰፊ ኅዳግ ነው። ስብስባችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ካለ አውጡት፤ መምህሩ መጀመሪያ የሚጥለው እሱን ነው።

ሠዓሊውንና ጥያቄውን መምረጥ

ለመጀመሪያ ጥናት ኮልስ ፊሊፕስን እንመክራለን። ኖማ ባር የበለጠ ዘመናዊ ይመስላል፤ ነገር ግን የፊሊፕስ ሥራዎች የቅጂ መብታቸው ስላበቃ በትልቅ መጠን በነጻ ይገኛሉ፣ አብዛኞቹም የመጽሔት ሽፋን ስለሆኑ ቀናቸው የታወቀ ነው። ከዚህም በላይ የሚሠራበት ዘዴ በማስመሪያ ሊለካ የሚችል ነው። ስለ ሰውየው ራሱ ብዙ ማተት አያስፈልግም። ኦሃዮ ተወልዶ ኬንየን ኮሌጅ ገባ፣ ሳይጨርስ ወደ ኒውዮርክ ሄደ፣ በ1907 ላይፍ መጽሔትን ተቀላቀለ፣ በ1908 ደግሞ ልብሷ ከጀርባው ጋር የሚቀላቀል ሴት በሽፋኑ ላይ አወጣ። "ፌድአዌይ ገርል" (ደብዝዛ የምትጠፋ ልጃገረድ) የሚለው መጠሪያ የመጣው ከዚህ ሥራ ነው። በ1912 ጉድ ሃውስኪፒንግ የተባለውን መጽሔት ሽፋኖች መሥራት ጀመረ። በአብዛኛው የተጠቀመው ውሃ ቀለም ነው። ይህን በግማሽ ገጽ ጨርሱትና ወደ ሥዕሉ እለፉ።

ጥያቄው ጠባብ ይሁን። "የኮልስ ፊሊፕስ ሥራ ምን ይመስላል?" የሚል ጥያቄ መልስ የለውም። "ፊሊፕስ የልብስን ጠርዝ የሚያጠፋው በየትኛው የሰውነት ክፍል ላይ ነው? ተመልካቹ ቅርጹን እንዳይስት የሚተውለት ፍንጭስ የትኛው ነው?" የሚለው ግን በ15 ሥዕል ሊመለስ ይችላል።

ምስል መሰብሰብ

ከ12 እስከ 20 ሥዕል ይበቃል። ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፋችሁ "ፌድአዌይ" የሚለውን ጨምሩበት፤ ፍለጋውን በመጀመሪያ ዊኪሚዲያ ኮመንስ (የነጻ ምስሎች ማከማቻ ድረ ገጽ) ላይ፣ ቀጥሎ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ አድርጉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ላይፍ የሚባሉ መጽሔቶች ሁለት ናቸው። ፊሊፕስ የሠራበት ከ1883 ጀምሮ ይወጣ የነበረው የቀልድና የሥዕል መጽሔት ነው። በ1936 አሳታሚው ሄንሪ ሉስ ስሙን ገዝቶ የፎቶ መጽሔት አደረገው፤ ፍለጋው ላይ ጎልቶ የሚመጣውም ይኸኛው ነው። ፎቶግራፍ ብቻ ከመጣላችሁ የተሳሳተ ላይፍ ውስጥ ናችሁ።

የምስሉ ረጅም ጎን ቢያንስ 1800 ፒክስል ይሁን። ኤ ፎር ወረቀት ላይ ሲታተም በአንድ ኢንች 150 ነጥብ ገደማ የሚሰጠው ይህ ልክ ነው። ከዚህ ካነሰ የምስሉ መጨመቅ በጠርዝ ዙሪያ ብዥታ ይፈጥራል፤ እናንተ ደግሞ የምትለኩት ጠርዝ ነው። በዚሁ ምክንያት ለጓደኛ በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፤ እንደ ፎቶ ከተላከ መጠኑን ይቀንሰዋል።

ፒንተረስት ላይ ያለውን አትመኑ። የፊሊፕስን ዘዴ የቀዱ የዛሬ ሠዓሊዎች ሥራ በእሱ ስም ይዞራል። ፊርማው የማይታይ፣ መጽሔቱና ቀኑ ያልተጻፈ ሥዕል ከሆነ በጉግል ሌንስ (በምስል ምንጭ በሚፈልገው መሣሪያ) ፈትሹት፤ ምንጩ ካልተገኘ ጣሉት። ፋይሉን ስታስቀምጡ ስሙን በዓመት፣ በወርና በመጽሔት ሰይሙት፤ ለምሳሌ "1911-02-ላይፍ"። እንዲህ ከሆነ ፋይሎቹ በራሳቸው በዘመን ተራ ይሰለፋሉ። ኢንተርኔቱ ደህና ሲሆን ሁሉንም በአንድ ጊዜ አውርዳችሁ ፍላሽ ላይም አስቀምጡ። ሊንክ ብቻ ይዞ መብራት በሚጠፋበት ቀን ሥራ መጀመር አይቻልም።

ማተም

ፎቶ ኮፒ ቤት ስትሄዱ ከኮምፒውተር በቀጥታ ይታተምላችሁ፤ የታተመውን መልሶ ኮፒ ማድረግ አይሆንም። ኮፒ የተደረገ ኮፒ ጥቁሩን ያወፍራል፣ ቀጭን ክፍተትን ይውጣል። ከስብስቡ በቀለም የሚታተሙት ስድስት ሥዕሎች ብቻ ይሁኑ፤ የቀሩት በጥቁርና ነጭ ይበቃቸዋል። የሰውየው ወይም የሴትየዋ ቁመት በሁሉም ሉህ ላይ ወደ 20 ሴንቲ ሜትር እንዲጠጋ አስተካክሉ፤ አለበለዚያ ትልቁ ሥዕል ላይ ያያችሁት ዝርዝር ትንሹ ላይ ያመልጣችኋል።

ከእያንዳንዱ ሥዕል አንድ 3 ሴንቲ ሜትር የሆነ ትንሽ ቅጂም አውጡ። ሁሉንም አንድ ገጽ ላይ ደርድሯቸው። የትኛው ሥዕል በዚያ መጠንም ይነበባል፣ የትኛውስ ይፈርሳል የሚለው በሰከንዶች ይታያል፤ የመጽሔት ሽፋን ደግሞ ከሩቅ እንዲነበብ የተሠራ ነገር ነው።

የጠፋውን ጠርዝ መለካት

የጥናቱ ዋና ሥራ ይህ ስለሆነ አትቸኩሉ። ለአንድ ሥዕል አንድ ሰዓት ያህል መድቡ።

ትሬሲንግ ፔፐሩን በላይኛው ጠርዙ ብቻ በስኮች ከሥዕሉ ጋር አያይዙት። በእርሳስ የምትከተሉት በእርግጥ የሚታየውን ጠርዝ ብቻ ነው፤ ማለትም ቀለም ከቀለም የሚለይበትን መስመር። ሲሉት ቀላል ነው፣ እጅ ግን አይታዘዝም። ዓይን የጎደለውን ስለሚሞላ እርሳሱ የሌለውን የቀሚስ ዳር እያሰመረ ይሄዳል፤ ጨርሳችሁ ስታዩት ፊሊፕስ የተወውን ሁሉ እናንተ ስላችሁለታል። ይህን የሚከለክሉ ሁለት ዘዴዎች አሉ። ሥዕሉን ገልብጣችሁ እግሩን ወደ ላይ አድርጉት። ከዚያ ጥቁር ወረቀት ላይ 2 በ2 ሴንቲ ሜትር መስኮት በከተር ቆርጣችሁ በሥዕሉ ላይ እያንሸራተታችሁ በመስኮቱ ውስጥ የሚታየውን ብቻ እዩ። በመስኮቱ ውስጥ የቀለም ለውጥ ካለ አስምሩ፤ ከሌለ፣ ቀሚሱ እዚያ ማለቅ እንዳለበት ብታውቁም እንኳ አታስምሩ።

ሲጠናቀቅ መስኮቱን አንሡ፣ ሥዕሉን አቅኑና ዓይናችሁ የሚሞላውን ጠርዝ በቀይ ነጠብጣብ ሳሉ። አሁን ሁለት ዓይነት መስመር አላችሁ፤ ያለው በእርሳስ፣ የሌለው በቀይ። ክሩን እርጥብ አድርጋችሁ በመስመሩ ላይ አስተኙትና ርዝመቱን በማስመሪያ ለኩ። ደረቅ ክር በኩርባ ላይ ስለሚነሳ ልኩን ያሳንሰዋል። ዘርግታችሁ ስትለኩም አትጎትቱት። የምትለኩት የውጭውን ዙሪያ ብቻ ነው፤ የቀበቶና የአዝራር መስመር አይቆጠርም። ለምሳሌ ዙሪያው በሙሉ 92 ሴንቲ ሜትር፣ ቀዩ 34 ሴንቲ ሜትር ቢሆን የጠፋው ጠርዝ 37 በመቶ ነው። እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ ለኩ፤ በሁለቱ መካከል ከ5 በመቶ በላይ ልዩነት ከመጣ ሦስተኛ ይለካ።

አንዳንዱ ጠርዝ አለም የለምም ለማለት ያስቸግራል። የስልካችሁን የፎቶ ማስተካከያ ከፍታችሁ የቀለም ድምቀቱን ዜሮ አድርጉት። ሥዕሉ ግራጫ ሲሆን ጠርዙ የሚጠፋ ከሆነ ሠዓሊው ሁለት የተለያዩ ቀለሞችን በእኩል ብርሃን አስቀምጧቸዋል ማለት ነው፤ እነዚህን በሌላ ምልክት ለብቻቸው መዝግቡ። የመቶ ዓመት መጽሔት ላይ ያለን የወረቀት ቢጫነትና እጥፋት ግን እንደ ጠርዝ አትቁጠሩት።

በመጨረሻ የጠፋውን በአራት ክፍል ለዩት፦ ራስና ትከሻ፣ ክንድና ወገብ፣ ቀሚስ፣ እግር። የፊሊፕስ ሥራ ላይ ፊት፣ ፀጉር፣ እጅና ጫማ ሙሉ ሆነው ሲሳሉ ጥፋቱ ልብሱ ላይ እንደሚከማች ታያላችሁ። ጥሩው ጥናት ግን ከዚህ የሚያፈነግጡትን ሥዕሎች ፈልጎ ምክንያታቸውን የሚጠይቀው ነው።

ዓይን ለማለማመድ ክረምት ላይ ደሴ ያለ ሰው የታደለ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ጠዋት ጦሳ ላይ ጉም ሲወርድ የተራራው ጠርዝ ይጠፋና ዛፉና የቆርቆሮው ጣሪያ ብቻ ይቀራል፤ ተራራው ግን አሁንም "ይታያል"። ከአንድ ቦታ ሆናችሁ በየአስር ደቂቃው ፎቶ አንሱና ቅርጹ ከስንተኛው ላይ መነበብ እንዳቆመ እዩ።

ፍንጮቹን መፈተን

ጠርዙ ጠፍቶም ቅርጹ የሚነበበው ፍንጭ ስላለ ነው። ቀበቶ፣ አዝራር፣ የቀሚሱ ጌጥ፣ ከልብሱ ሥር ብቅ ያለ ጫማ፣ ጭን ላይ ያረፈ እጅ። እያንዳንዱን ቁጥር ስጡት። ከዚያ ከሥዕሉ አራት ቅጂ አዘጋጁና በእያንዳንዱ ላይ አንድ ፍንጭ ከጀርባው ጋር በሚመሳሰል ወረቀት ሸፍኑ።

አሁን ሥዕሉን ከዚህ በፊት ያላዩ ሰዎች ያስፈልጋሉ። የክፍል ጓደኞቻችሁ አይሆኑም፤ ሥዕሉን ቀድመው አይተውታል፣ አንድ ጊዜ የታየ ቅርጽ ደግሞ ተመልሶ አይረሳም። ለአንድ ሰው አንድ ቅጂ ብቻ አሳዩ። ለአራት ቅጂ አምስት አምስት ሰው፣ በጠቅላላው 20 ሰው ነው፤ ፒያሳ አካባቢ ካሉ ሱቆች ወይም ከባጃጅ ተራ ከሰዓት በኋላ አንድ ዙር ይበቃል። ሥዕሉን ጥላ ውስጥ፣ ከዓይን 40 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ለአምስት ሰከንድ አሳዩና ደብቁት።

ጥያቄው "ምን ይታይሃል?"፣ "ምን ይታይሻል?"፣ ለታላላቆች "ምን ይታይዎታል?" ብቻ ይሁን። "ሴትየዋ ትታይሃለች?" ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱን ሰጣችሁት። ሰው እንዳይሳሳት ፈርቶ ዝም ካለ "አብሽር፣ ፈተና አይደለም" በሉት። ያለውን ቃል በቃል ጻፉ። "ቆንጆ ነው" መልስ አይደለም፤ ከትሕትና የመጣ ስለሆነ አንድ ጊዜ ብቻ ድገሙና ጠይቁ። ከአምስቱ ሦስቱ ቅርጹን የሳቱበት ቅጂ የትኛው ነው? በዚያ ላይ የተሸፈነው ፍንጭ ሥዕሉን ተሸክሞ የቆመው ነው።

በራስ እጅ መሥራት፦ ነጠላ በነጭ ላይ

የሠዓሊውን ሥዕል መቅዳት ብዙም አያስተምርም። ዘዴውን በሌላ ነገር ላይ መሞከር ግን የት እንደሚከብድ ያሳያል። ለዚህ ከነጠላ የተሻለ ነገር አናውቅም። ነጭ ነጠላ የለበሰች ሴት ነጭ ጀርባ ላይ ስትቆም ከፊት፣ ከፀጉር፣ ከእጅና ከጥለቱ በቀር የሚሳል የለም።

ሥራው ያለው ጥለቱ ላይ ነው። ጥለቱን እንደ ቀጥ ያለ ሪባን ከሳላችሁት ሰውነቱ ይሞታል፤ ጨርቁ ተንሳፍፎ ይቀራል። ትከሻ ላይ ሲደርስ አቅጣጫውን ይቀይራል፣ ክንድ ሲታጠፍ ይሰበራል፣ እጥፋት ውስጥ ሲገባ ይቆረጥና ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቀጥላል። ያ መቆረጥ ከምንም በላይ የሰውነቱን ቅርጽ ይናገራል። ስለዚህ አስቀድማችሁ ነጠላ የለበሰ ሰው ከመስኮት አጠገብ አቁማችሁ ፎቶ አንሱና ጥለቱ የሚሰበርባቸውን ቦታዎች ቁጠሩ። ከሳላችሁት ውስጥ አንዱም ስብራት ያለ ምክንያት አይሁን።

ባለ ቀለም ወረቀት ቆርጣችሁ ነጩ ላይ ለጥፉ፤ ከተሩ አዲስ ምላጭ ይኑረው፣ የደነዘዘ ምላጭ ወረቀቱን ይቀድደዋል። ከጠቅላላው ዙሪያ ሩቡን ያህል በማጥፋት ጀምሩ፣ ከዚያ እየጨመራችሁ ሂዱ። ከአምስት ሰው ሦስቱ "እጅ ብቻ ነው የሚታየኝ" ካሉ አልፋችሁታል፤ አንድ ፍንጭ መልሱ። ብዙ ጊዜ መመለስ ያለበት የክርኑ ወይም የቀሚሱ ታች ነው።

በኮምፒውተር ስትሠሩ በነጭ ጀርባ ላይ ነጭ ቅርጽ ደርባችሁ "ጠፋ" አትበሉ። ጀርባው ቀለም የተቀየረ ዕለት የተደበቀው ሁሉ ይወጣል። ቅርጹን ከታችኛው ላይ ቆርጣችሁ ክፍተቱ እውነተኛ ክፍተት ይሁን። ነጭ ያልሆነ ጀርባ ከሆነ የልብሱና የጀርባው የቀለም ቁጥር አንድ መሆኑን አረጋግጡ፤ በስክሪን የማይታይ ልዩነት ሲታተም መስመር ሆኖ ይወጣል።

ሥራው ቲሸርት ላይ በሐር ማተሚያ (ስክሪን ፕሪንት) የሚታተም ከሆነ ከ1.5 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ክፍተት አትተዉ። ቀለሙ በጨርቁ ላይ ትንሽ ስለሚሰፋ ይዘጋዋል፣ ኔጋቲቭ ስፔሱም አብሮ ይጠፋል። በስቴንስል (ቅርጹ ተቆርጦ በወጣለት ወረቀት) የሚረጭ ከሆነ ደግሞ ዙሪያው ሁሉ የተቆረጠ ደሴት ተነቅሎ ይወድቃል፤ ከዋናው ወረቀት ጋር የሚያያይዘው ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ድልድይ ያስፈልገዋል።

ማነጻጸርና መጻፍ

ከሌላ ሠዓሊ አንድ ሥራ ብቻ ለንጽጽር ውሰዱ፤ ሁለት ሦስት ሰው ሲጨመር ጥናቱ ይበተናል። ኖማ ባርን ከመረጣችሁ ጠርዝ የምትለኩበት ዘዴ አይሠራም፣ የእሱ ጠርዝ ጥርት ያለ ነውና። በዚያ ፋንታ ሰው መጀመሪያ ያየው የትኛውን ምስል እንደሆነ፣ ሁለተኛው በስንት ሰከንድ እንደመጣለት መዝግቡ። ከአገር ውስጥ ማነጻጸር ለሚፈልግ ላስታ ላሊበላ ያሉት የመስቀል ቅርጽ መስኮቶችና ክፍት ሥራ ያላቸው የእጅ መስቀሎች አሉ፤ እዚያ ቅርጹን የሚሠራው አየሩ ነው። የግዕዝ ፊደልም ሌላ ሀብት ነው፤ የ"በ" ሆድ በር፣ የ"ለ" ሆድ ድንኳን ሊሆን ይችላል። ብቻ "ፊሊፕስ ከዚህ ተማረ" ወይም "እኛ ቀድመናል" ወደሚል አትግቡ፤ መመሳሰል የመዋዋስ ማስረጃ አይሆንም።

ስትጽፉ የተለካውን ተጠቀሙ። "ሠዓሊው ባዶ ቦታን በሚያስደንቅ ሁኔታ ይጠቀማል" የሚለው ዓረፍተ ነገር በማንም ላይ ሊጻፍ ይችላል። "ቀሚሱ ካለው ጠርዝ ከግማሽ በላይ ጠፍቷል፤ ቀበቶው ሲሸፈን ከአምስት ተመልካች አራቱ ሴትየዋ መቀመጧን አላወቁም" የሚለው ግን በዚህ ሥዕል ላይ ብቻ የሚጻፍ ነው። ጠርዝ ማጥፋት የሕትመት ቀለም ለመቆጠብም ይመች እንደነበረ በአንድ አንቀጽ ጥቀሱ። በሁለት ቀለም ብቻ ጎልቶ የሚወጣ ሽፋን ለአሳታሚ ርካሽ ነው፤ የጥበቡን ምክንያት ሁሉ በውበት ብቻ መግለጽ ጥናቱን ያጎድላል።

የቅጂ መብትን በተመለከተ፣ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ስለዚህ ፊሊፕስ ላይ ችግር የለም። በሕይወት ያለ ሠዓሊ ሥራ ግን ምንጩን ጠቅሶ ለጥናት ማሳየት አንድ ነገር ነው፤ ቲሸርት ላይ አትሞ መሸጥ ሌላ ነገር ነው።

ከእያንዳንዱ ሥዕል ሥር ዓመት፣ መጽሔት፣ የቀለም ብዛትና የጠፋው ጠርዝ በመቶኛ ይጻፍ። የምታስረክቡት ወረቀት አንጸባራቂ አይሁን፤ ነጸብራቁ የደበዘዘውን ጠርዝ ይሸፍነዋል። ትሬሲንጉንም በታተመው ሥዕል ላይ በላይኛው ጎኑ ብቻ ለጥፉት፤ አራቱንም ጎን ከለጠፋችሁት መምህሩ ገልጦ ሥሩን ማየት አይችልም።